ሳል ሲሰነብት፦ የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ካንሰር አንድ አይደሉም

በመካነ ብርሃንና በአካባቢው ደጋ ብርዱ ስለሚበረታ ሳል ከየቤቱ አይጠፋም። ባል ሲያስል ሚስት «ብርድ መትቶት ነው» ብላ ዝንጅብል ታፈላለታለች። ጉንፋን ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ይለቀዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ግን መመርመር አለበት።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል

በአገራችን ቲቢ «የሳንባ ነቀርሳ» ይባላል። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ደግሞ ለካንሰርም ያገለግላል። ስለዚህ አንዱ ቲቢ ተገኘብህ ሲባል ተስፋ ይቆርጣል፤ ሌላው ካንሰር የያዘውን ሰው ይተላለፍብኛል ብሎ ይሸሸዋል። ቲቢ በጀርም የሚመጣና በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ወር ከተወሰደ ይድናል። የሳንባ ካንሰር ግን የሳንባ ሕዋሳት ያለ ልክ ሲራቡ የሚፈጠር እብጠት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ መብላትንም ሆነ አብሮ መተኛትን አይከለክልም።

ዓይነቶቹ

ሐኪሞች የሳንባ ካንሰርን በሁለት ይከፍሉታል። ከ100 ሕሙማን 85 ያህሉ ላይ የሚገኘው ዓይነት በአንጻሩ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ የማያጨሱ ሰዎችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ የሚይዘው በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ባለ ትናንሽ ሕዋስ የሚባለው ነው። ይህኛው ከሲጋራ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ሲሆን ቶሎ ይሠራጫል።

መንስኤው

ዋናው ሲጋራ ነው። አጫሹ ብቻ ሳይሆን ጭሱን የምትተነፍሰው ሚስትና ልጆችም ይጎዳሉ። በተዘጋ ማድቤት የሚነድ የማገዶና የኩበት ጭስም ለሳንባ ጠንቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ የቤትዎ ጠባቂ ግን እርስዎ ነዎት።

ምልክቶቹ

• የማይለቅ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ሳል
• ደም የቀላቀለ አክታ
• የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር
• የድምፅ መጎርነን
• ያለ ምክንያት መክሳትና ድካም
• እየተመላለሰ የሚይዝ የሳንባ ምች

ብዙዎቹ የቲቢም ምልክቶች ናቸው። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ሕሙማን ካንሰሩ ሳይታወቅ የቲቢ መድኃኒት ሲወስዱ ይቆያሉ፤ ያም ውድ ጊዜ ያባክናል። አክታዎ ከቲቢ ነጻ ነው ተብሎ ሳሉ ካልተወዎት፣ ወይም መድኃኒቱን እየወሰዱ ካልተሻለዎት፣ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱና «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ።

ምርመራው

በመጀመሪያ አክታ ይመረመራል፤ ራጅም ይነሳል። ጥርጣሬ ካለ እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወዳለ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካሉ። ሲቲ ስካን የእብጠቱን ቦታና መጠን ያሳያል። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ግን ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ሕክምናው

ሳይሠራጭ ከተደረሰበት በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል። ባለ ትናንሽ ሕዋስ የሆነው በዋናነት የሚታከመው በመድኃኒት ነው፤ እንደ ሁኔታው ጨረር ይታከልበታል። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞችም ተጀምሯል። በሽታው ገፍቶ ቢገኝም ሕመምንና የትንፋሽ ጭንቀትን የሚያስታግስ ሕክምና አለና ሕመምተኛውን ቤት አያስቀምጡት።

ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

ባል የሚያጨስ ከሆነ ዛሬ ለማቆም ይወስን፤ ሚስትም ሳትወቅስ ታግዘው። ማድቤቱ መስኮትና የጭስ መውጫ ይኑረው። ዕድሜዋ 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ የምታጨስ ሴት፣ አንዳንዱ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የደም መርጋት ሊያስከትልባት ስለሚችል፣ ማጨሷን ለጤና ባለሙያው ትንገር።

ከደጋ እስከ ጎንደር መንገዱ ሩቅ ነው። ሳል ሲሰነብት ግን ከመንገዱ ይልቅ መዘግየቱ ይጎዳልና፣ አብራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።