ገመዱን የያዘው እጅ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ የሚባል ቦታ ይገኛል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰዎችን ከጎጃም ወደ ጎንደር ያሻግር የነበረው ገመድ ነው። ተሻጋሪው ገመዱን ሰውነቱ ላይ አስሮ ስብራቱ ላይ ይንጠለጠላል። በወዲህ በኩል ያሉት ቀስ እያሉ ይለቁለታል፤ በማዶ ያሉት ይስቡታል። ከሥሩ ዓባይ ይገማሸራል። በዚያች ቅጽበት የተንጠልጣዩ ነፍስ ያለችው ገመዱን በያዙት ሰዎች እጅ ነው።

ታዲያ ገመዱን ከያዙት አንዱ ከትናንት ጀምሮ ያኮረፈው ጓደኛው ቢሆንስ?

ሁለት ጓደኛሞች ሰው በማይደርስበት ስፍራ ሲቀሩ፣ ስንቃቸው እያለቀ ሲሄድ፣ መጀመሪያ በጥቃቅን ነገር ቀጥሎም በክፉ ሲጣሉ የሚያሳዩ ፊልሞች በዓለም ሲኒማ ብዙ ናቸው። ፊልሙ አልቆ ስንነሳ አብዛኞቻችን የምንሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ወዳጅ በመከራ ጊዜ ይታወቃል» እንላለን። ያጉረመረመው፣ ያኮረፈው፣ ቁራሹን የደበቀው ሰው እውነተኛ ጠባዩ ወጣ ብለን እንደመድማለን። ላለፉት 80 ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ግን ይህን ፍርድ ቆም ብለን እንድንመረምረው ያደርጉናል። በመከራ ጊዜ የሚናገረው የሰውየው ጠባይ ብቻ አይደለም። የራበው ሆዱ፣ ያላረፈው አንጎሉና የጠበበው ማደሪያውም ይናገራሉ።

ወደ ኋላ የማያስኬድ ወንዝ

በዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዓባይ ወረዳውን ከደቡብ ጎንደርና ከደቡብ ወሎ እየለየ ዞሮት ያልፋል። ሰው የሚኖረው፣ የሚያርሰውና የሚገበያየው በአብዛኛው ደጋው ላይ ነው። የዓባይ ሸለቆ ግን በብዙ ቦታ ከአፋፉ እስከ ውኃው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለው። ከታች ሆኖ የሚጓዝ ሰው ከላይ ያለውን መንደር አያይም፤ ቢጣራም የሚሰማው የለም።

በዚህ ሸለቆ በጀልባ አልፈው ዓባይን እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ከተከተሉት መካከል ጂኦሎጂስቱ ፓስኳሌ ስካቱሮና ካያክ ቀዛፊው የፊልም ባለሙያ ጎርደን ብራውን ይገኙበታል። ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም. እስክንድርያ ዳርቻ ሲደርሱ 114 ቀን ተጉዘው ነበር። አብረዋቸው የነበሩ ሌሎች ሰዎች ከየመንገዱ ሲወጡና ሲገቡ፣ ከመነሻ እስከ መጨረሻ የዘለቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጉዞው ኢማክስ ለተባለው ግዙፍ ስክሪን ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ቀርቧል።

ፊልሙን ያየ ሰው ፏፏቴውንና ገደሉን ሳይረሳ ይኖራል። ለሥነ ልቦና ተመራማሪ ግን ሌላ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ወንዝ ወደፊት ብቻ ነው የሚወስደው። የተጣላ ጎረቤት በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ የተጣላ የሥራ ባልደረባ ማታ ቤቱ ይገባል። ጀልባ ላይ ግን መግቢያም መሸሻም የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ወዳጅነትን የሚያሻክረው ምንድን ነው?

የራበው ሰው ጠብ

የመጀመሪያው መልስ ሆድ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1944 በጀመረው ጥናት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አንሴል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለግማሽ ዓመት ያህል በጣም በተቀነሰ ምግብ አኖራቸው። ዓላማው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከክብደታቸው ጋር ጨዋታቸውም ጠፋ። ሲመጡ ተግባቢ የነበሩት ሰዎች ብቸኝነትን መረጡ፤ በትንሽ ነገር ይቆጡ ጀመር፤ የጓደኛቸው አበላል፣ አኘካኘኩ ሳይቀር አንገበገባቸው። ምግብ ሲመለስላቸው ደግሞ ጠባያቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ክፋት ቢሆን ኖሮ በእንጀራ አይድንም ነበር።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ያልተኙ ሰዎች ደስ የማይል ሥዕል ሲታያቸው፣ ፍርሃትንና ቁጣን የሚቀሰቅሰው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ከተኙት ሰዎች በ60 በመቶ የበለጠ ተነሣሥቶ ተገኘ። ይህን ክፍል «ተው፣ ረጋ በል» የሚለው ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ከእሱ ጋር ያለው ግንኙነት ላልቶ ነበር። ልጓሙ የላላ ፈረስ እንደማለት ነው። አሸዋ ላይ አዞ እየፈራ፣ የወባ ትንኝ እየነደፈችው ያደረ ተጓዥ ጠዋት ለሚሰማው ቀልድ የሚቀርበው በዚህ አንጎል ነው።

ማደሪያ ሲጠብ

ሦስተኛው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አርዊን አልትማንና ዊሊያም ሄይቶርን የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርገው በትንሽ ክፍል ውስጥ ለ10 ቀን ከሰው ለዩአቸው። ቀናቱ ሲገፉ ጥንዶቹ «ይህ የኔ አልጋ፣ ያ ያንተ ወንበር» እያሉ ቦታ መከለል ጀመሩ። ጠባያቸው የማይጣጣም ጥንዶች ዘንድ ክለላው የጠነከረ ነበር። ከውጭ ሲታይ የልጆች ጸብ ይመስላል፤ ግን ከሌላ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ጥግ ማግኘት ለሰው ልጅ እንደ ውኃ የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ከምድር ርቆ የሄደ ሰውም ከዚህ አላመለጠም። ሶቪየታውያኑ አናቶሊ በረዞቮይና ቫለንቲን ሌበዴቭ እ.ኤ.አ. በ1982 ሳልዩት 7 በተባለው የጠፈር ጣቢያ 211 ቀን አብረው ኖረዋል። ሌበዴቭ የየዕለቱን ስሜቱን በማስታወሻ ደብተሩ ይመዘግብ ነበር። በኋላ የታተመው ይህ ደብተር ቁጣን ላለማውጣት የሚደረገውን ትግል ያሳያል። በአሪዞና በረሃ በታሸገ የመስታወት ቤት ከ1991 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የኖሩት ስምንት ሰዎች ደግሞ አራት አራት ሆነው ተከፈሉ። ምግባቸው አንሶ፣ የሚተነፍሱት አየር ኦክስጅኑ ቀንሶ ነበር። የሚያስደንቀው ግን እየተኳረፉም ሥራውን አለማቆማቸው ነው። እርሻው ካልታረሰ፣ ፍየሉ ካልታለበ ሁሉም እንደሚራብ ያውቁ ነበርና።

«እኔ ደክሞኝ ነው፤ እሱ ግን ክፉ ነው»

እስካሁን ያየናቸው ረሃብ፣ ድካምና ጥበት ብቻቸውን ወዳጅነትን አይገድሉም። የሚገድለው ለእነሱ የምንሰጠው ትርጉም ነው። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁሩ ሊ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰዎች ደጋግመው የሚሠሩትን አንድ ስሕተት ስም ሰጥቶ አስረድቷል። የሌላውን ሰው ድርጊት ስንመዝን ያለበትን ሁኔታ ትተን ጠባዩን እንወቅሳለን። ለራሳችን ሲሆን ግን ሁኔታችንን እናውቀዋለን። እኔ የተቆጣሁት ስላልተኛሁ ነው፤ እሱ የተቆጣው ግን ድሮም ክፉ ስለሆነ ነው። ሁለቱም እኩል ርቧቸው፣ እኩል ደክሟቸው፣ እያንዳንዱ ሌላውን ይፈርድበታል። በጀልባ ላይ እንዲህ ያለው ፍርድ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለውም። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 እንዳስተዋለው፣ ሦስተኛ ሰው ሲጨመር አስታራቂ የመሆን ዕድል ይፈጠራል። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲሆኑ ሽማግሌ የለም።

በመጀመሪያው ቀን የሚበጅ ሥርዓት

ታዲያ ምን ይበጃል? የአልትማን ተከታይ ጥናት መልስ አለው። የመለየቱ ጊዜ ከማለቁ በፊት ያቋረጡ ጥንዶችና እስከ መጨረሻው የጸኑት ሲነጻጸሩ፣ የጸኑት ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታቸውን ተካፍለው፣ ስለ ኑሯቸው ተነጋግረው፣ ሥርዓት አበጅተው የጀመሩት ሆነው ተገኙ። ያቋረጡት እንደነገሩ የጀመሩት ነበሩ። ሥርዓት መጀመሪያ ላይ ባዕድነት ይመስላል፤ ቀናት ሲገፉ ግን ጓደኝነቱን ተሸክሞ የሚያቆመው እሱ ነው።

ይህ ዕውቀት በመርጡለ ማርያም አካባቢ እንግዳ አይደለም። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ያሠሯት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ የቅኔ ምድር በሆነው በምሥራቅ ጎጃም ከሚታወቁት ጥንታውያን የጸሎትና የትምህርት ስፍራዎች አንዷ ናት። ገዳማዊ ኑሮ ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከግብፁ አባ ጳኩሚስ ጀምሮ በሥርዓት የተገነባ ነው፤ የጸሎት ሰዓት፣ የማዕድ ሰዓት፣ የሥራ ሰዓትና የዝምታ ሰዓት አለው። አብሮ መኖር በደግነት ብቻ እንደማይጸና የጥንት አባቶች ዐውቀው ነበር።

የቆሎ ተማሪንም አስቡት። ከአገሩ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ማታ በጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ያድራል። ረሃብን የሚኒሶታ ወጣቶች ለጥናት ቀመሱት፤ እሱም በተማሪነቱ ዓመታት ያውቀዋል። ሆኖም ከዚያ ጎጆ የዕድሜ ልክ ወዳጅነት ይወጣል። በላዩ መምህር አለ፤ የሚደርሰው የትምህርት ሰዓት አለ፤ ሲጣላ የሚያስታርቀው ታላቅ ተማሪ አለ። ጎጆው ጠባብ ነው፤ ግን ሦስተኛ ሰው የሌለበት ጀልባ አይደለም።

ስለዚህ በመከራ መካከል ጓደኛዎ ሲቆጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ሳይሆን «መቼ በላ? መቼ ተኛ? ብቻውን የሆነው መቼ ነው?» ቢሆን መልካም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገና ሳይጣሉ የሚጠየቅ ነው፤ ማን ምን ይሠራል፣ ማን የት ያርፋል፣ ስንጣላ እንዴት እንነጋገራለን?

ሰባራ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠግኗል፤ ጎርፍ ሲወስደውም በኋላ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለታል። ዛሬ ተሻጋሪው በእግሩ ይሄዳል። በዚያ የገመድ ዘመን ግን ተንጠልጣዩ የሚያልፈው በወዲያም በወዲህም ያሉት እጆች በአንድነት ሲሠሩ ነበር። የሚለቁት ቀስ ብለው ካልለቀቁ፣ የሚስቡት አብረው ካልሳቡ ማንም አይሻገርም። ስምምነቱ የሚያስፈልገው ሰውየው ከመንጠልጠሉ በፊት ነው።