ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በቤት ውስጥ የሚደረግ የአፍ ጥንቃቄ

መግቢያ

ጥርሱ የተነቀለለት ሕመምተኛ ከሕክምና ክፍሉ ሲወጣ ሕክምናው የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ቁስሉ በሚገባ መዳኑ በአብዛኛው የሚወሰነው በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት፣ በሕመምተኛው ቤት ውስጥ ነው። ሕመምተኛው ክፍሉን ለቆ በሚወጣበት ሰዓት አፉ የደነዘዘና ጎዝ የነከሰ፣ ራሱም በፍርሃትና በድካም የተያዘ ስለሚሆን በጥድፊያ የተነገረውን ምክር ሁሉ ያስታውሳል ተብሎ አይጠበቅም። ከሩቅ ገጠር የመጣ ከሆነ ደግሞ ችግር ቢያጋጥመው ተመልሶ ለመምጣት አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅበት ይችላል። ስለሆነም ከስንብት በፊት የሚሰጠው ምክር ከሕክምናው ተለይቶ የሚታይ ሳይሆን የሕክምናው አካል ነው።

የረጋው ደም ጥቅም

ጥርሱ ሲወጣ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀረው ጉድጓድ ወዲያውኑ በደም ይሞላል፤ ደሙም በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ይህ የረጋ ደም ለተጋለጠው አጥንትና ለነርቭ ጫፎች እንደ ክዳን ሆኖ ያገለግላል፤ አዲስ ሥጋ የሚበቅለውም በእርሱ ላይ ነው። ድዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁስሉን ሲሸፍነው፣ ጉድጓዱ በአጥንት እስኪሞላ ግን ወራት ይወስዳል። በቤት ውስጥ የሚደረገው ጥንቃቄ በአንድ ሐሳብ ሊጠቃለል ይችላል፤ ይኸውም የረጋውን ደም ከቦታው አለማንቀሳቀስ ነው። ሕመምተኛው ይህን ምክንያት ከተረዳ፣ ዝርዝሩን ቢረሳ እንኳ የሚጎዳውንና የሚጠቅመውን ራሱ ለመለየት ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

በቁስሉ ላይ የተደረገው ጎዝ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያህል ጠበቅ ተደርጎ መነከስ አለበት። በየጊዜው እያወጡ መመልከትና ደሙን ደጋግሞ መትፋት የተለመደ ስሕተት ነው። ጥቂት ደም ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ብዙ መስሎ ስለሚታይ ሕመምተኛው ይደነግጣል፤ በተፋ ቁጥር ግን ሊረጋ የጀመረው ደም ይነቀላል። ምራቅ በመጀመሪያው ቀን ቀላ ማለቱ የሚያሳስብ አይደለም። ደሙ እንደገና መፍሰስ ከጀመረ ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በንጹሕ ውኃ የረጠበ የታጠፈ ጎዝ ወይም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ለ30 ደቂቃ ሳያነሣ ይንከስ። ይህ ሁለት ጊዜ ተደርጎ ደሙ ካልቆመ ወደ ጤና ድርጅት መመለስ ይኖርበታል።

በዚህ ቀን አፍን መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋትና መጠጥን በስትሮ መምጠጥ አይገባም። ጭማቂም ቢሆን ከብርጭቆው በቀጥታ መጠጣት አለበት። ትኩስ ቡናና ሻይ የደም ሥሮችን በማስፋት ደም ሊያስነሡ ስለሚችሉ በረድ ብለው ይወሰዱ። ሲጋራ ቢያንስ ለ3 ቀናት መተው አለበት፤ ጭሱ ወደ ቁስሉ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል፣ መሳቡም የረጋውን ደም ሊነቅል ይችላል። ጫትም ቅጠሉ ወደ ጉድጓዱ ስለሚገባ፣ አልኮልም ቁስሉን ስለሚያስቆጣ በእነዚህ ቀናት አይመከሩም።

አንዳንድ ሰዎች ሕመሙን ለማስታገስ በጉድጓዱ ውስጥ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈጨ ቅርንፉድ ወይም የተሰባበረ አስፕሪን ያደርጋሉ። እነዚህ የረጋውን ደም ያፈናቅላሉ፤ አስፕሪን ደግሞ የድዱን ሥጋ ያቃጥላል። ባለሙያው ሕመምተኛውን ሳይነቅፍ አስቀድሞ «በቤታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ምክሩ የበለጠ ተቀባይነት ያገኛል።

ማደንዘዣው በከንፈርና በምላስ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚቆይ እስኪለቅ ድረስ ምግብ ባይበላ ይመረጣል። በተለይ ሕፃናት የደነዘዘውን ከንፈራቸውን ነክሰው እንዳያቆስሉ ወላጆች ይጠብቋቸው። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ከውጭ በጉንጭ ላይ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ እያሳረፉ ማድረግ ሕመሙንና እብጠቱን ያቀላል። በመኝታ ጊዜ ትራስ ከፍ ማድረግ፣ ከባድ ሸክምንም ማስወገድ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ምክር ውኃ ቀድተው ለሚሸከሙ እናቶች በግልጽ ሊነገርና ከቤተሰቡ ውስጥ የሚረዳቸው ሰው ሊታሰብበት ይገባል።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ

ከ24 ሰዓት በኋላ በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በማሟሟት፣ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት አፍን በዝግታ ማጠብ ይጠቅማል። ውኃው በአፍ ተይዞ ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል በማድረግ ከታጠበ በኋላ በኃይል ሳይተፋ እንዲፈስ ይደረጋል። ይህ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቀጥላል።

ቁስሉን በመፍራት ጥርስ ማጽዳትን ጨርሶ መተው ጉዳት አለው። የቀሩት ጥርሶች በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ መጽዳት አለባቸው፤ የቁስሉ አካባቢ ብቻ እስኪያገግም ድረስ ሳይነካ ይቆያል።

ምግቡ ለስላሳና ያልጋለ ይሁን። አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ገንፎ፣ አልጫ ሽሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝና እርጎ ተስማሚ ናቸው። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ደረቅ ዳቦና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለጥቂት ቀናት ይቆዩ፤ ማኘኩም በሌላው ወገን ይሁን።

መድኃኒት አወሳሰድ

ለአብዛኞቹ አዋቂዎች በየ6 ሰዓቱ ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም ፓራሲታሞል፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳይበልጥ፣ በቂ ነው። የመጀመሪያው መጠን ማደንዘዣው ከመልቀቁ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ ጋር ሊጨመር ይችላል፤ ይሁን እንጂ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸውና ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥም። ሕመምተኛው የሚጾም ከሆነ የመድኃኒቱ ሰዓት ከሚመገብበት ሰዓት ጋር ተስማምቶ መወሰን ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ወይ መድኃኒቱ ይቀራል ወይ በባዶ ሆድ ይወሰዳል።

ጤናማ በሆነ ሰው ላይ ለሚደረግ ተራ የጥርስ ነቀላ አንቲባዮቲክ በልማድ መስጠት አያስፈልግም። ለልብ ሕመም አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ሕሙማንም ያለ ሐኪማቸው ትእዛዝ መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም።

የሚያሳስቡ ምልክቶች

ሕመም በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። እብጠትም በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ ይጎድላል። ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆነ ሁሉ መመርመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ተሽሎት የነበረ ሕመምተኛ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ጆሮ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመምና መጥፎ የአፍ ጠረን ከጀመረው፣ ጉድጓዱም ባዶ ሆኖ ከታየ፣ በተለምዶ «ድራይ ሶኬት» የሚባለው ችግር ሊጠረጠር ይገባል። ይህ ችግር በታችኛው መንጋጋ በተለይም በመጨረሻዎቹ ጥርሶች ላይ ይበዛል። ሕክምናው ጉድጓዱን በሳላይን በዝግታ ማጠብ፣ መድኃኒት ያለው ማሸጊያ ማድረግና ሕመሙን ማስታገስ እንጂ አንቲባዮቲክ አይደለም።

ከ3ኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ ትኩሳት፣ መግል ወይም አፍ አልከፈት ማለት የኢንፌክሽን ምልክት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ከአገጭ በታች የጠነከረ እብጠት፣ የምላስ ወደ ላይ መነሣት፣ ምራቅ መዋጥ አለመቻልና የትንፋሽ ማጠር ነው። ይህ ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሕመም ሲሆን የመተንፈሻ ቧንቧን በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ እስከ ነገ ሊቆይ አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። የስኳር ሕሙማንና የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች የበለጠ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ማጠቃለያ

ባለሙያው ምክሩን ሕመምተኛውን አጅቦ የመጣው ሰው ባለበት ቢሰጥ፣ የተናገረውንም ሕመምተኛው በራሱ ቃል እንዲደግመው ቢያደርግ፣ ያልተረዳውን ወዲያው ለይቶ ለማረም ይችላል። ቢያንስ ሦስት ነገሮች ሳይነገሩ ሊቀሩ አይገባም፦ ጎዙን ነክሶ መቆየት፣ ለ24 ሰዓት አለመጉመጥመጥና አለመትፋት፣ እንዲሁም በየትኞቹ ምልክቶች በፍጥነት መመለስ እንደሚገባ። እነዚህ ከነስልክ ቁጥሩ በአጭሩ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ተጽፈው ቢሰጡ በቤት ያለ አንባቢ ሁሉ ይረዳበታል። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምልክቶቹን እንዲያውቁ ማድረግም ለሕመምተኛው በቅርቡ የሚጠይቀው ሰው እንዲኖረው ያደርጋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፤ የሚያስቀረው ግን የቀናት ሥቃይንና የሩቅ መንገድ እንግልትን፣ አልፎ አልፎም የሕይወት መጥፋትን ነው።