ዘሚ የኑስና አፍ ያልፈቱ ልጆች

ጅሬን ዳገቱ ላይም ሆነ ታች ጅማ ከተማ፣ አጋሮም ሆነ ሊሙ፣ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ባለበት ቤት ቡና ሲፈላ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው፤ ይደርሳል።» ጎረቤት ይህን የሚለው እናቲቱን ለማጽናናት ነውና ክፋት የለበትም። ነገር ግን ልጁ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ዓይን ለዓይን የማይጋጠም፣ የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ ከሆነ መጠበቁ ራሱ ይጎዳዋል። ይህን ነገር አደባባይ ወጥተው ሳይታክቱ ከነገሩን ሰዎች ግንባር ቀደሟ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ።

የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በወጣትነታቸው ከአገር ወጡ፤ በጣሊያን በኩል አሜሪካ ገብተው ሎስ አንጀለስ ውስጥ በውበት ሙያ ሠሩ። አዲስ አበባ ሲመለሱም ኒያና የተባለውን የውበት ማሠልጠኛ ከፈቱ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ ትምህርት ቤት ቢያስገቡትም የሚይዘው ጠፋ። እሳቸው ግን ልጁን ቤት ዘግተው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥቂት ልጆችን ይዘው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ጀመሩ። በአገራችን በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው፤ የሚተዳደረውም ራሳቸው ባቋቋሙት ኒያ ፋውንዴሽን ሥር ነው። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ-19 እስኪያርፉ ድረስ በቴሌቪዥንም በሬዲዮም እየቀረቡ ቤት ውስጥ የተደበቁ፣ አልፎም የታሰሩ ልጆች እንዲወጡ ወላጆችን ሲለምኑና ሲገሥጹ ኖሩ።

ጥፋቱ የእናት ነው የሚለው ወሬ አሁንም አልሞተም። በእኛ ዘንድ ቡዳ፣ ጂን፣ እርግማን ይባላል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ ለብዙ ዓመታት «ፍቅር የነፈገች እናት» እያሉ ሴቶችን ወንጅለዋል። ሁሉም ስህተት ነው። ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት የሚመጣ ነው፤ የዘር ውርስም ትልቅ ድርሻ አለው።

እኔን የሚያስቆጨኝ ግን ዘሚ ሲነሱ ማዕከሉ ብቻ ተወርቶ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉት ዘዴያቸው መዘለሉ ነው። ልጆቹን ለማናገር ከውጭ የመጣ ካርድና የእንግሊዝኛ ድምፅ ከመበደር ይልቅ በገዛ ፊደላችን ድምፆች ተነሡ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ አንድ ፊደል በየቃሉ ድምፁን ሲለዋውጥበት ግራ ይጋባል። የእኛ «ማ» ግን የትም ቃል ውስጥ ብትገባ «ማ» ናት። ተነባቢውና አናባቢው አብረው በአንድ ምልክት ታትመዋል፤ ለማውጣትም አንድ የአፍ እንቅስቃሴ ይበቃል። ከቃል በፊት ድምፅ ለሚያስፈልገው ልጅ ከዚህ የተመቸ መነሻ አላውቅም።

እዚህ ላይ መምህራንን ልቆጣ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት ቤት አባዝቶ 231ዱን በዜማ ማስጮህ ይህ ዘዴ አይደለም። ዜማውን በቃሉ ሸምድዶ ከነቅላጼው የሚያወርድ፣ ውሃ ሲጠማው ግን «ውሃ» ማለት ያቃተው ልጅ ጅማ ውስጥ አይቻለሁ። መምህሩ «ጎበዝ» ብሎ አለፈው። ገበታው ለዓይን የተደረደረ ነው እንጂ ለአፍ አይደለም። ለአፍ ከሆነ በከንፈር ከሚወጡት፣ ልጁ ፊታችን ላይ ከሚያያቸው ከ«መ» እና ከ«በ» ቤት መነሣት ይቀላል። ትንፋሽ ተገትቶ የሚፈነዱት ጠ፣ ጨ፣ ጸ ይቆዩ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ሌሎቹም ሞክሼዎች ለጊዜው ይዘለሉ፤ መናገር ለሚለማመድ ልጅ ሸክም ብቻ ናቸው።

በጣም አስቸጋሪው ደግሞ ሳድስ ነው። «ልጅ» በሉ። ሁለቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ «ል» ግን አጭር አናባቢ አላት፣ «ጅ» የላትም። ጽሑፉ ይህን አይነግረንም። መጥበቅና መላላትንም አያሳይም፤ «አለ» ላልቶ «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ «ይገኛል» ነው። እኛ ሳናስበው እናልፈዋለን፤ በድምፅ የሚቸገር ልጅ ግን እዚህ ላይ ይሰናከላል። ስለዚህ ሣልስና ራብዕን፣ ድምፃቸው ጎልቶ የሚሰማውን፣ አስቀድሞ ሳድስን ማቆየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የእኛ አካባቢ ሌላም ጥያቄ አለበት። እዚህ ብዙ ልጅ አፉን የሚፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከአጋሮ በኩል የመጡ አንዲት እናት ልጃቸውን በአማርኛ ብቻ እንዲያናግሩት ተመክረው ነበር፤ «እኔው ራሴ የማላልምበት ቋንቋ» አሉኝ። ምክሩ ስህተት ነው። ልጁ መጀመሪያ መስማት ያለበት እናቱ በምታባብለው ቋንቋ ነው። አፋን ኦሮሞ «ዸ»ን የመሰለ በአማርኛ የሌለ ድምፅ አለው፤ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥርም ትርጉም ይለወጣል፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ቁቤ ርዝመቱንና ጥብቀቱን ፊደል እየደገመ ስለሚጽፍ በዚህ በኩል ከፊደላችን ይልቅ ይረዳል። የዘሚን መንገድ የሚወድ ሰው ገበታውን ብቻ መቅዳት የለበትም፤ ከቤቱ ቋንቋ ድምፅ መነሣታቸውን ይውሰድ። ይህን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ ለወላጅ የሚሰጥ መምህር ባገኝ እጁን ስሜ አመሰግነዋለሁ።

ጅማ ላላችሁ ወላጆች፦ ማዕከሉ ያለበት አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ጉዞው እስኪመቻች አትጠብቁ። መጀመሪያ የልጁ ጆሮ ይመርመር፤ የማይሰማን ልጅ ኦቲዝም አለበት ማለትም፣ ኦቲዝም ያለበትን «ደንቆሮ» ማለትም ሁለቱም ይከሰታሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሕፃናትም የአእምሮ ጤናም ክፍል ስላለው ከዚያ ጀምሩ። ስልክ በእጁ ሰጥቶ ዝም ማሰኘት ይቅር። ልጁ ባይናገርም ይሰማችኋል፤ ስለሱ ፊቱ ላይ አታውሩ። ፊት ለፊቱ ቁጭ በሉ፣ ከንፈራችሁን ያይ፤ «ማ» በሉና ጠብቁት። ቢዘገይም ሌላ ድምፅ አትደርቡበት፤ በዓይኑም ቢመልስ፣ በእጁም ቢመልስ ተቀበሉት።