ቤቱ የቀመሰ ልጅ፦ ስለ መጠጥ ዕድሜ ተረትና እውነታ

በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ስለ ዕድሜ ገደቡ ግን ከአዋጁ በፊት የነበሩ እምነቶች ዛሬም ከአዋጁ በላይ ይሰማሉ። ከሁሉም ብዙ የሚጎዳው የሚነገረው በመጠጥ ቤት ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ነው፤ ያውም በፍቅር።

ተረት፦ በቤቱ የቀመሰ ልጅ ልኩን ያውቃል፤ ውጭ ወጥቶ አይሰክርም።

በዓል ነው፤ ጋኑ ተከፍቷል። ልጁ ጠላውን ለእንግዳ ሲያቀርብ አንዱ ዘመድ «እሱስ አንድ ጉንጭ ይቅመስ እንጂ!» ይላል። ክፉ ያሰበ የለም። እምነቱም ጨርሶ ባዶ አይደለም፤ ልጅ ልክን የሚማረው ወላጆቹን አይቶ ነው። ስህተቱ ማየትንና መጠጣትን አንድ ማድረጉ ነው።

በአውስትራሊያ ከ1,900 የሚበልጡ ታዳጊዎችና ወላጆቻቸው ለ6 ዓመታት ክትትል ተደርጎባቸው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ከወላጅ እጅ የሚገኝ መጠጥ ልጁን ከስካርም ከጉዳትም ሲጠብቅ አልታየም። እንዲያውም ከወላጁ ያገኘ ልጅ በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ሰው የማግኘት ዕድሉ ጨምሮ ተገኝቷል።

«ልኩን ያውቃል» የሚለው አባባል ከሰውነት አሠራር ጋርም አይስማማም። አዋቂ ሰው ሲበዛበት ዐይኑ ይከብዳል፣ እግሩ ይተሳሰራል፤ በቃህ የሚለው ምልክት ይህ ነው። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንደሚያሳዩት ምልክቱ በለጋ ዕድሜ ደካማ ነው፤ ለጋው አካል ቶሎ ስለማይደክም ብዙ ይጠጣል። ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊት ክፍልም አድጎ የሚጨርሰው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው።

ክርክሩ ሲጠብብ «ፈረንጆቹ ከልጅነታቸው ጀምረው ይጠጣሉ፤ ምን ሆኑ?» የሚል መልስ ይመጣል። ይህን የሚሉ ሰዎች ቁጥሩን ቢያዩት በተዉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአውሮፓ የ15 እና የ16 ዓመት ተማሪዎች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ቢራ በ16 ዓመት በሚሸጥባት ዴንማርክ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በአንድ ቁጭታ 5 መጠጥና ከዚያ በላይ የጠጡት ከግማሽ በላይ ነበሩ። ዝቅተኛው ቁጥር የተገኘው የመጠጥ ዕድሜው 20 በሆነባት በአይስላንድ ነው። አይስላንድ ከሕጉ ሌላ የወላጆች ቁጥጥርና የስፖርት ፕሮግራምም ስላላት ውጤቱን ሁሉ ለዕድሜ ገደቡ መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ቀድሞ መጀመር ልክ ያስተምራል የሚለውን የሚደግፍ ነገር እዚህ የለም።

አንድ ጥያቄ አልተቋጨም። በልጅነታቸው የጀመሩ ሰዎች ቆይተው ለሱስ የበለጠ እንደሚጋለጡ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ ምክንያቱ ቀድሞ መጠጣቱ ራሱ ይሁን ወይስ ቀድሞ ለመጠጣት የዳረገው የቤት ችግርና ተፈጥሮ፣ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። በሁለቱም በኩል ግን ለልጅ መቅዳትን የሚመክር የለም። ጉንጩን ያስቀመሰው ዘመድም ከዓመታት በኋላ ልጁ ሲወድቅ ሊያነሣው አይመጣም።

ተረት፦ ጠላ ምግብ እንጂ አልኮል አይደለም።

ከብቅልና ከጌሾ ተብላልቶ የሚወጣው አልኮል ቢራ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። መጠኑ እንደ አጠማመቁ ይለያያል፤ ቅራሪም ውኃ ተጨምሮበት ቀጠነ እንጂ አልኮሉ አልጠፋም።

ተረት፦ ለመምረጥ የደረሰ ለመጠጣትም ደርሷል።

ፍትሐዊ ይመስላል፤ አሜሪካም ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1971 የመምረጫ ዕድሜ ወደ 18 ሲወርድ ብዙ ግዛቶች የመጠጡንም ዝቅ አደረጉ፤ የወጣቶች የመኪና አደጋም ጨመረ። በ1984 የወጣው ሕግ 21ን ያልተቀበለ ግዛት ከፌዴራል የአውራ ጎዳና ገንዘቡ እንዲቀነስበት ስላዘዘ፣ እስከ 1988 ሁሉም ግዛቶች ተቀበሉት። በ2008 ከ100 የሚበልጡ የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች «ክልከላው መጠጡን ወደ ጓዳ ገፋው» ብለው ውይይቱ እንዲከፈት ጠይቀዋል፤ ገደቡ ግን አልተነካም። ሕግ ለየነገሩ የየራሱን ዕድሜ ይቆርጣል፤ በኢትዮጵያም ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ነው።

ተረት፦ ማንም የማያከብረው ሕግ ዋጋ የለውም።

ግማሹ እውነት ነው፤ ደጃፉ ላይ ጣሳ በእንጨት ሰቅሎ የሚሸጥ ጠላ ቤት መታወቂያ ሲጠይቅ አይታይም። ይሁንና በአሜሪካም ከ21 ዓመት በታች ሆነው የሚጠጡ ሚሊዮኖች ናቸው፤ ያም ሆኖ ዕድሜው ከፍ ሲል የወጣቶች አደጋ ቀንሷል። በከፊል የተከበረ ሕግም ይሠራል። ሕጉ የሚደርሰው ግን ሻጩ ዘንድ ነው፤ በቤት የሚቀዳውን የሚወስነው ወላጅ ነው።