ከፕሪምየር ሊግ መውረድ የክለብ ፍጻሜ አይደለም

በደቡባዊ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በስሙ የሚጠራ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲያወዳድር ቆይቷል። በየክፍለ ከተማውና በየከተማ አስተዳደሩ ይህን መሰል ቡድኖች በርካታ ናቸው። በጀት በሚደለደልበት ወቅት ታዲያ ከላይኛው ሊግ ውጪ ለሚጫወት ቡድን ገንዘብ መመደብ ይገባል ወይ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ያለፉት ዓመታት የውድድር ውጤቶች ለዚህ ጥያቄ በቂ ትምህርት ይሰጣሉ።

በወንዶች እግር ኳስ ከፍተኛው እርከን በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ነው። ከሥሩ በምድብ ተከፍሎ የሚካሄደው ከፍተኛ ሊግ፣ ቀጥሎም አንደኛ ሊግ ይገኛሉ። ፕሪምየር ሊጉ በክለቦች አክሲዮን ማኅበር መመራት ከጀመረ በኋላ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አንስቶ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀምረዋል። ስለዚህ ከሊጉ የሚወርድ ክለብ ከደረጃው ባሻገር የቴሌቪዥን ሽፋኑንና ከዚያ የሚገኘውን ገቢም ያጣል። የተጫዋቾች ደመወዝ፣ የጉዞና የመስተንግዶ ወጪ ግን ባለበት ይቀጥላል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን የገጠመው ይኸው ነበር። ቡድኑ በ2009 ዓ.ም. ከጅማ አባ ቡናና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ፤ ባንኩም ቡድኑን በተነው። የሴቶቹ ቡድን ግን ሥራውን ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያን በማሸነፍ በሞሮኮ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ለመሳተፍ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኗል። እንደገና የተቋቋመው የወንዶቹ ቡድንም በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2016 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አንስቷል።

ኢትዮጵያ መድን በበኩሉ ሳይበተን ለዓመታት በታችኛው ሊግ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ተመለሰ። በ2017 ዓ.ም.ም በአሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ መሪነት የፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ቀድሞ መብራት ኃይል ይባል የነበረውና የመጀመሪያውን የፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ያነሳው ኢትዮ ኤሌክትሪክም በ2010 ዓ.ም. ወርዶ በ2014 ዓ.ም. አደገ፤ በ2015 ዓ.ም. ዳግመኛ ቢወርድም በዓመቱ ወደ ላይኛው ሊግ ተመልሷል።

ይሁን እንጂ ማደግ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2015 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ሻሸመኔ ከተማና ሀምበሪቾም አድገው ነበር። በዓመቱ ንግድ ባንክ ሻምፒዮን ሲሆን ሁለቱ ግን ወርደዋል። አንድ ትልቅ ባንክ ለክለቡ የሚያወጣውን ገንዘብ የአንድ ከተማ ሕዝብና አስተዳደር በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያሟሉት እንደማይችሉ ግልጽ ነው።

በሌላው ዓለምም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የጣሊያኑ ፓርማ በ2007 ዓ.ም. በኪሳራ ከፈረሰ በኋላ ከአራተኛው እርከን እንደ አዲስ ጀምሮ፣ በሦስት ተከታታይ ዓመታት ደረጃ በደረጃ በማደግ ወደ ሴሪ ኤ ተመልሷል። ክለቡን ለዚህ ያበቃው አዲስ ባለቤቶች በአዲስ አደረጃጀት ሥራውን መረከባቸውና ደጋፊዎቹ በታችኛው ሊግም ከጎኑ አለመራቃቸው ነበር።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚወሰደው ትምህርት ለክፍለ ከተሞችም ይሠራል። የቡድን ህልውና በአንድ ዓመት ውጤትና በአንድ የበጀት ርዕስ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ መውረድ ማለት መፍረስ ይሆናል። ወጪን ከገቢ ጋር ማመጣጠን፣ ታዳጊዎችን ከየወረዳው መመልመልና ነዋሪው በአባልነት መዋጮ እንዲሳተፍ ማድረግ ግን ቡድኑን በታችኛው ሊግም ቢሆን ያቆየዋል። የፈረሰን ክለብ እንደገና ለመገንባት ዓመታት ይወስዳል፤ እስከዚያ ድረስ የሚበተኑትን ወጣት ተጫዋቾች መልሶ ማሰባሰብም ቀላል አይሆንም።