ወተት የሚመልስ ሕፃን
የዱቄት ወተት የሚመገብ ሕፃን ከጠባ በኋላ ጥቂት ቢያቀረሽ አያስደንቀንም፤ በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው ጡንቻ ገና አልጠነከረምና። ወተቱ ሲበዛ ወይም ከጡጦው አየር አብሮ ሲገባ ማቅረሻቱ ይብሳል። ተቅማጥና ትኩሳት ከታከሉበት ግን ተዋሲያንን እንጠረጥራለን።

ከ2 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ያለው ሕፃን በድንገት ወተቱን በኃይል እያስፈነጠረ የሚያስታውክና ወዲያው የሚራብ ከሆነ ደግሞ፣ የጨጓራው መውጫ ጡንቻ ደንድኖ መተላለፊያውን አጥብቦት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የወተቱን ዓይነት መለዋወጥ አይፈይድም፤ ሕፃኑ ውኃና የጨጓራ አሲድ እያጣ ይዳከማል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኮንራድ ራምሽቴት በ1912 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው፣ የደነደነውን ጡንቻ የሚሰነጥቅ ቀዶ ሕክምና ዛሬም ፈውሱ ነው።

ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ከታየበት ወይም የሕፃኑ ሽንት ከቀነሰ፣ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እንሂድ።