የማንጎ ነጭ ስኬል ተባይ፦ መለየት፣ መከላከልና ማከም

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ሞቃታማ ቀበሌዎች ማንጎ ከበቆሎና ከበርበሬ ጎን የሚቆም የገቢ ምንጭ ነው። ይህን ገቢ ከሚያሳጡት ተባዮች ዋናው የማንጎ ነጭ ስኬል ነው። ተባዩ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2010 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ወለጋ ዞን ጉቶ ጊዳ ወረዳ ነው። ቦታው ከቡሬ ተነስቶ ዓባይን በሚሻገረው የነቀምት መንገድ የሚደረስበት ነው። ከዚያ ወዲህ ተባዩ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል።

ተባዩን እንዴት ይለዩታል?

በቅጠል፣ በለጋ ቅርንጫፍና በፍሬ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል። ሴቷ ክብና ጠፍጣፋ ነጭ ሽፋን አላት፤ መጠኗ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ከፍ ይላል። ወንዶቹ ቀጫጭን ሆነው በአንድ ቦታ ተሰብስበው ስለሚቀመጡ የተፈረፈረ ጥጥ ይመስላሉ። ተባዩ የተክሉን ፈሳሽ ስለሚመጥ ቅጠሉ ቢጫ ነጥብ ያወጣል፣ ይረግፋል፤ ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል። ፍሬው ላይ ሐምራዊ ነጥብ ስለሚቀር ገዥ ይንቀዋል። ለጋ ችግኝ ደግሞ በበጋ ጨርሶ ሊደርቅ ይችላል።

አመድ መሰል ከሆነው የሻጋታ በሽታ ጋር እንዳይምታታብዎ በጥፍርዎ ይፋቁት። ሻጋታው እንደ ዱቄት ይጠረጋል፤ ስኬሉ ግን እንደ ቅርፊት ተነስቶ ከሥሩ ነፍሳቱ ይታያል። ሲፈትሹ ከታችና ከመሐል፣ ጥላ ከበዛበት ቦታ ይጀምሩ።

ለምን ቶሎ ይዛመታል?

ሴቷ በሽፋኗ ሥር ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ገና የተፈለፈለው ጫጩት በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ይጣበቅና ሽፋን መሥራት ይጀምራል። በራሱ ሩቅ መሄድ አይችልም። ሩቅ የሚወስዱት ነፋስ፣ ችግኝ፣ የማዳቀያ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል ያለበት ፍሬና የሰው ልብስ ናቸው። በደረቁ ወቅት ይራባል፤ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ክረምት ሲገባ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

መጀመሪያ መግረዝ፣ ቀጥሎ መድኃኒት

ረጅምና የተጨናነቀ ያረጀ ዛፍ ለተባዩ ምቹ ቤት ነው። ብርሃን አይገባውም፤ በጀርባ የሚታዘል መርጫም ጫፉ ላይ አይደርስም። ሳይገርዙ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

1. ፍሬው ተለቅሞ እንዳለቀ ይግረዙ። አበባ ሊያወጣ ሲል የተገረዘ ዛፍ የዓመቱን ምርት ያጣል።
2. የደረቁትን፣ የተጠላለፉትንና ወደ ውስጥ የሚያድጉትን ቅርንጫፎች ያንሱ። ቁመቱ ወደ 4 ሜትር እስኪወርድ በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ ይቀንሱ።
3. ቁርጡን ውኃ እንዳይቋጥር አዘንብለው ይቁረጡ። ለፀሐይ የተጋለጠውን ግንድ በውኃ የተበጠበጠ ኖራ ይቀቡት።
4. የተቆረጠውን ወዲያው ከዛፎቹ ራቅ አድርገው ያቃጥሉ ወይም በጉድጓድ ይቅበሩ። ለአጥር ወይም ለጉዝጓዝ አይጠቀሙበት።

አጥብቆ የተገረዘ ዛፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ዛፍ ካለዎት በየዓመቱ ሲሶውን ብቻ አጥብቀው ይግረዙ። ያረጀው የአገር ማንጎ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ እንደ ኬንት ወይም ቶሚ አትኪንስ ባለ የተሻሻለ ዝርያ ሊያዳቅሉት ይችላሉ።

መድኃኒት ሲያስፈልግ

የስኬሉ ሽፋን ሰም ስላለው ነክቶ የሚገድል መድኃኒት ያደገውን ተባይ በቀላሉ አያገኘውም። ይበልጥ የሚጠቅመው በተክሉ ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወር መድኃኒት ወይም ተባዩን አፍኖ የሚገድል ለተክል የተዘጋጀ የማዕድን ዘይት ነው። ዓይነቱንና መጠኑን ከልማት ሠራተኛው ጋር ይወስኑ፤ ለዚህ ጥቅም የተመዘገበ መሆኑንም ያረጋግጡ። የሚከተሉትን አይርሱ።

• ርጭቱ ጫጩት በሚፈለፈልበት ጊዜ ይሁን፤ የቅጠሉን ላይና ታች ያርስ።
• ዘይቱን በጠራራ ፀሐይ ወይም ውኃ በጠማው ዛፍ ላይ አይርጩ፤ ቅጠል ያቃጥላል።
• ዛፉ ሲያብብ አይርጩ። የእርስዎም የጎረቤትዎም ንቦች ይሞታሉ።
• ለጎተራ እህል የተገዛ መድኃኒት በማንጎ ላይ አይጠቀሙ።
• አንዱን መድኃኒት ደጋግሞ መርጨት ተባዩን ያለማምደዋል፤ ስኬሉን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችም ይጨርሳል።
• ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የመቆያ ቀን ከመያዣው ላይ አንብበው ያክብሩ።

ችግኝ ከመሸጥዎ በፊት

እርስዎ ሞዴል አርሶ አደር ስለሆኑ ጎረቤት ችግኝና የማዳቀያ ቅርንጫፍ ከእርስዎ ይወስዳል። የታመመ ችግኝ ከሸጡ ተባዩን ተሸክመው ከቤት ቤት ያደረሱት እርስዎ ይሆናሉ። ነጭ ነጥብ የታየበትን ችግኝ ለይተው ያስወግዱ፤ ዋጋው ቢያጓጓም አይሽጡት። የማዳቀያ ቅርንጫፍ ከንጹሕ ዛፍ ብቻ ይቁረጡ። ችግኝ ሲገዙም ምንጩን ይጠይቁ፤ ከመትከልዎ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ከሌሎች ማንጎዎች ለይተው ያቆዩና ይመርምሩት።

ከዚህ ሥልጠና ሲመለሱ

ከጓሮዎ 10 ዛፎችን ከአራቱም ማዕዘን ይፈትሹ። ተባዩን ካገኙ ቅጠሉን በፌስታል አጥብቀው አስረው ለልማት ሠራተኛው ያሳዩ። ከዚያም ከልማት ቡድንዎ አባላት ጋር የመግረዣ ሳምንት ይቁረጡ። አንድ ጓሮ ብቻ ቢጸዳ ነፋሱ ከጎረቤት መልሶ ያመጣዋል፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ከገረዙ ግን ድካማችሁ በከንቱ አይቀርም።